ቀዩን አትጨፍልቁት

ዝዋይ አካባቢ አንድ የጽጌረዳ እርሻ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ሁለት ወር ነበር። ሥራዬ «ስካውት» ይባላል። ጠዋት ግሪንሀውስ መግባት፣ በመደዳው እየሄዱ ቅጠል መገልበጥ፣ ተባይ መፈለግ፣ ያገኙትን መመዝገብ። አንገቴ ላይ አሥር እጥፍ የምታጎላ ትንሽ ሌንስ፣ እጄ ላይ ደብተር።

በሦስተኛው ቀን አንድ ቅጠል ገለበጥኩ። ጀርባው ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀላ ያለች ነገር ወዲያ ወዲህ ትሮጣለች። «ቀይ ሸረሪት፣ ቀይ ሸረሪት» ሲሉኝ የሰነበቱት ይሄ ነው አልኩና በአውራ ጣቴ ጨፈለቅኩት። ሌላም አገኘሁ። እሱንም። እስከ ምሳ ሰዓት ስንቱን እንደጨረስኩ አላውቅም።

ከምሳ በኋላ እዚያ እርሻ ብዙ ዓመት የሠራች ሴት አየችኝ። እጄን ለቀም አድርጋ ያዘችው። «አንቺ ልጅ፣ ምን እያደረግሽ ነው? እሱኮ የኛ ነው!» አለችኝ።

አልገባኝም። ሌንሷን አውጥታ ቅጠሉን ወደ ብርሃን አዞረችልኝ። «የሚሮጠውን ተይው። ቆመው የሚመጥጡትን እያቸው። ጠላቶቹ እነሱ ናቸው» አለች። አየሁ። ከቅጠሉ ደም ሥር አጠገብ ወደ ቢጫ የሚያደሉ አረንጓዴ ፍጥረቶች ተደርድረዋል። ግራና ቀኝ ጎናቸው ላይ አንዳንድ ጥቁር ነጠብጣብ አላቸው። አንገታቸውን ደፍተው ይመጥጣሉ። በዙሪያቸው እንደ ውሃ ጠብታ የጠሩ ክብ እንቁላሎች ተበትነዋል። ቀዩ ሯጭ ሲመጣ አየሁት። በፊት እግሮቹ እየዳበሰ ደረሰ። አንዱ እንቁላል ላይ ቆመ። ትንሽ ቆየ። እሱ ሲሄድ እንቁላሉ እንደተነፈሰ ፊኛ ተጨማዶ ቀረ።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲጨርሱልን የዋሉትን ነው ስጨርስ የዋልኩት።

ያሳሳተኝ ስሙ ነው። ይህን ተባይ «ቀይ ሸረሪት» ነው የምንለው፤ ሌሎች ደግሞ በአጭሩ «ማይት» ይሉታል። ጽጌረዳ ላይ በብዛት ያየሁት ግን ቀይ አይደለም። የሳይንስ ስሙ ቴትራኒከስ ኡርቲኬ ነው፤ በእንግሊዝኛ ባለ ሁለት ነጠብጣቡ ማይት ይሉታል። ቀላ ያለ ዝርያም ስላለው በቀለም ብቻ መፍረድ አይቻልም። አካሄዱን ማየት ይሻላል። ጠላትየው ዝግ ያለ ነው፣ አንድ ቦታ ተተክሎ ይመጥጣል። አዳኙ ያብለጨልጫል፣ እግሩ ረዘም ይላል፣ ነጠብጣብ የለውም፣ ሩጫ አያቆምም። የጠላት እንቁላል ክብ ነው፤ የአዳኙ ሞላላና በመጠን እጥፍ ገደማ ነው። ይህን ለመለየት አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። አሁን ስካውት ሆኖ ለሚጀምር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የማሳየው ይህንኑ ነው።

ጠላትየው ቢያድግ ቢመነደግ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ነፍሳት ግን አይደለም። ከእንቁላል ሲወጣ ስድስት እግር ይኖረውና በኋላ ስምንት ይሆናል። የሸረሪትና የመዥገር ዘመድ ነው። ይህ የትምህርት ቤት ዝርዝር ሊመስል ይችላል፤ አጎቴን ግን የፎሶሊያቸውን ግማሽ ያስከፈላቸው ይህ ነው።

አጎቴ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ በኪራይ መሬት ፎሶሊያና ቲማቲም ያለማሉ። ውሃ በፓምፕ ነው የሚስቡት። መጋቢት ላይ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ፎሶሊያውን ፀሐይ መታው መሰለኝ። ቅጠሉ ነጣ» አሉ። በዕረፍት ቀኔ ሄድኩ። ማሳው ከኮረኮንች መንገድ አጠገብ ነው። መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ቅጠሉ ላይ ይተኛል። የመንገዱ ዳር ያሉት መደዳዎች ነሐስ መስለዋል። ከሩቅ ሲያዩት እውነትም ፀሐይ ያቃጠለው ይመስላል።

አንድ ቅጠል በጥሼ ገለበጥኩ። ጀርባው በስስ ድር ተሸፍኗል። ከደብተሬ ነጭ ወረቀት ቀደድኩና ከቅርንጫፉ ሥር ይዤ ቅርንጫፉን መታ መታ አደረግኩት። ወረቀቱ ላይ አቧራ የመሰለ ነገር ወረደ። ትንሽ ቆይቶ አቧራው መራመድ ጀመረ።

አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ብዙ ዝም አሉ። «ይሄ ሁሉ ሕይወት አለው?» አሉኝ።

«አለው፣ ጋሼ።»

የነጣው ነገር ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። ማይቱ ቅጠሉን አያኝክም። መርፌ የመሰለ አፉን ይሰካና የቅጠሉን ሕዋስ አንድ በአንድ ይመጥጠዋል። አረንጓዴው ሲመጠጥ ነጭ ነጥብ ይቀራል። ነጥቦቹ ሲበዙና ሲገናኙ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ከዚያ ነሐስ ይሆናል፣ ከዚያ ይረግፋል። ድሩ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። እዚህ ያበረው ድር ያሰረው የአጎቴን ማሳ ነበር።

እኔ ከመምጣቴ በፊት ምን እንዳደረጉ ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ ቢጫ ሆነ ብለው ዩሪያ ጨመሩ። ከዚያ ከተማ ወርደው መድኃኒት ገዙ። ሻጩ «ለሁሉም ተባይ ይሆናል» ብሎ ሰጣቸው። ረጩ። በሳምንቱ ባሰ። ደግመው ረጩ። ባሰ። ሦስተኛ ረጩ። ማሳው መሐል ድረስ ገባ።

ዕቃውን አየሁት። የነፍሳት መድኃኒት ነው፣ ፓይረትሮይድ ከሚባለው ወገን። ትልና ዝንብ ይገድላል። ይህን ማይት ግን ከመጉዳት ይልቅ ይጠቅመዋል፤ ምክንያቱም እሱን የሚበሉትን ሁሉ አስቀድሞ ይፈጃቸዋል። የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ጥቁር ጥንዚዛ አለች፣ ሥራዋ ማይት መብላት ነው። እሷ ትሞታለች። አገር በቀል አዳኝ ማይቶች አሉ። እነሱም ይሞታሉ። ከዚያ በላይ ከነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ማይቱ ይበልጥ እንቁላል እንዲጥል የሚያደርጉ ሆነው ተገኝተዋል። ዩሪያውም አላገዘም። ናይትሮጅን የበዛበት ቅጠል ለማይት የሰባ ምግብ ነው።

አጎቴ ይህን ሲሰሙ የተናገሩት ከልቤ አልወጣም። «ታዲያ ገንዘቤን ከፍዬ ጠባቂዎቼን ነው ያስገደልኩት?» አሉ። ሻጩ ይህን ሊነግራቸው ይገባ ነበር። ወይም አላውቅም ሊላቸው።

ፍጥነቱን ካላወቁ መዘዙ አይገባም። ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ከእንቁላል ተነስቶ እናት ለመሆን አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ቀዝቀዝ ሲል፣ 20 ዲግሪ አካባቢ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ይሄዳል። አንዲት ሴት በሕይወቷ መቶና ከዚያ በላይ እንቁላል ትጥላለች። ወንድ ባይኖርም ትጥላለች። ካልተዳቀለ እንቁላል የሚወጣው ሁሉ ወንድ ይሆናል። እሱ ሲያድግ ከራሷ ጋር ተገናኝቶ ሴቶች ይወለዳሉ። ስለዚህ አንዲት ብቸኛ ሴት በሠራተኛ ልብስ ላይ ተለጥፋ ብትገባ አንድ ግሪንሀውስ ለመሙላት ትበቃለች። አውሮፓ ውስጥ ቀኑ ሲያጥርና ሲበርድ ሴቶቹ መራባት አቁመው ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃሉ። ገበሬው ቢያንስ ያኔ ይተነፍሳል። እኛ ዘንድ የቀኑ ርዝመት ብዙም አይለዋወጥም። ደጅ ላለ ሰብል የሚያግዘን የክረምቱ ዝናብ ነው፤ መትቶ ያወርደዋል። ግሪንሀውስ ውስጥ ዝናብ የለም።

መድኃኒትን የሚለምደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ወንዱ የሚይዘው የዘር ቅጂ አንድ ብቻ ነው። መድኃኒት የሚቋቋም ባሕርይ ከወረሰ የሚሸፍንበት ሌላ ቅጂ የለም፤ መድኃኒቱ ያልቻለው ይተርፋል፣ የተረፈው ይወልዳል። ትውልዱ ደግሞ በየሳምንቱ ነው። ከ90 በላይ የመድኃኒት ንጥረ ነገሮችን የተቋቋመ ተባይ ነው። የዘር ካርታው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲታተም መርዝ የሚያከሽፉ ጂኖቹ ብዛት ተመራማሪዎቹን አስደንቋል። ከሺህ የሚበልጡ ዕፅዋትን የሚበላ ፍጥረት የየዕፅዋቱን መርዝ መቻል ነበረበት። የኛ ኬሚካል ለእሱ አዲስ ፈተና አይደለም።

በእርሻችን ደግሞ ሌላ ስህተት አይቻለሁ። አንድ መድኃኒት አልሠራ ሲል ስሙ የተለየ ሌላ ይመጣል። ካርቶኑ አዲስ፣ ቀለሙ አዲስ። መለያውን ሳነብ ውስጡ ያው አባሜክቲን የሚባለው ንጥረ ነገር ሆኖ አገኘዋለሁ። መድኃኒት ቀየርን ማለት ይህ አይደለም። ባለሙያዎች መድኃኒቶችን በአገዳደላቸው በቁጥር ከፋፍለዋቸዋል። አባሜክቲን 6 ነው፣ ስፓይሮሜሲፈን 23፣ ባይፈናዜት 20፣ ሄክሲታያዞክስ 10። ተራ በተራ መጠቀም ሲባል ቁጥሩን መቀየር ነው። ሄክሲታያዞክስ ደግሞ እንቁላልና ጨቅላ እንጂ ትልልቁን አይገድልም። ይህን ያላወቀ ሰው በማግስቱ የሚራመድ ማይት አይቶ «መድኃኒቱ ውሸት ነው» ይላል።

አባሜክቲንን ሳነሳ ዝም ብዬ አላልፍም። ጃፓን ውስጥ ከአፈር ከተገኘ ባክቴሪያ የተወለደ ነው። ከዚያው ባክቴሪያ ውጤት ነው አይቨርሜክቲን የተሠራው፤ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ስንቱን ሰው ከኦንኮሰርካ እከክና ዕውርነት የጠበቀው ክኒን። ሳቶሺ ኦሙራና ዊልያም ካምቤል ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። እንዲህ ያለ ውድ ነገር በየሳምንቱ ያለ ልክ እየረጩ ማደንዘዝ ያመኛል። ዓሣንና ንብን ክፉኛ ይመርዛል፤ የዝዋይ ሐይቅ ደግሞ ውሃ የምንስብበትም ዓሣ የምናወጣበትም አንድ ሐይቅ ነው።

ወደ ቀዩ ልመለስ። ሙሉ ስሙ ፊቶሴዩለስ ፐርሲሚሊስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ከቺሊ ወደ ጀርመን በተላከ የኦርኪድ አበባ ላይ ተገኘ። ማንም አላዘዘውም፤ ከአበባው ጋር ተጉዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1967 ያን ኮፐርት የሚባል ሆላንዳዊ የኪያር ገበሬ ኬሚካል ጤናውን ቢነሳው ይህን አዳኝ ማርባትና ለሌሎች ገበሬዎች ማካፈል ጀመረ። የዛሬው የአዳኝ ማይት ንግድ ከዚያ ተነስቶ ነው እኛ አበባ እርሻዎች ድረስ የደረሰው።

እኛ ጋ በፕላስቲክ ጠርሙስ ነው የሚመጣው፣ በቀዝቃዛ ሳጥን፣ በአውሮፕላን። ጠርሙሱ ውስጥ ቀለል ያለ ማዕድን ፍርካሽ አለ፤ አዳኞቹ እሱ ውስጥ ናቸው። መቆየት አይወድም። በደረሰ ማግስት መበተን አለበት። ጠርሙሱን አግድም ይዘሽ ቀስ እያልሽ ታዞሪዋለሽ፤ ወደ ላይ የወጡት ታች ካሉት ጋር እንዲደባለቁ። ከዚያ ስካውቷ ምልክት ባሰረችበት ቦታ ላይ ትነሰንሺዋለሽ፣ እንደ በርበሬ። ጽጌረዳ ሥሩ ላይ ወደ ታች የታጠፉ ቅርንጫፎች አሉት። ማይቱ የሚደበቀው እዚያ ነው። አዳኙም መውረድ ያለበት እዚያ ነው።

አንዷ አዳኝ በቀን አምስት ትልልቅ ማይት ወይም ሃያ ገደማ እንቁላልና ጨቅላ ትበላለች። ሌላ ነገር አትበላም። ምግቧ ሲያልቅ ትሞታለች ወይም ትሄዳለች። እርጥበት ትፈልጋለች፤ አየሩ በጣም ሲደርቅ እንቁላሏ አይፈለፈልም። ለዚህ በእኩለ ቀን መተላለፊያውን ውሃ እንረጭ ነበር። ለደረቁ ወራት ካሊፎርኒከስ የሚባል ሌላ አዳኝ አለ። እሱ ረሃብም ድርቀትም ይችላል፤ ጠላት ሲያጣ በአበባ ዱቄት ይቆያል። ሁለቱን አብሮ መልቀቅ ጥሩ ነው፤ አንዱ ይዘምታል፣ አንዱ ይጠብቃል።

ከባዱ መበተኑ አይደለም። መጠበቁ ነው። ከተበተነ በኋላ ለሁለትና ሦስት ሳምንት ማይቱ አሁንም ይታያል። ቅጠሉ አሁንም ይነጣል። ሱፐርቫይዘሩ በየቀኑ ይመጣና «እንርጭ» ይላል። እኔ ደብተሬን አሳየዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ከ10 ቅጠል በ2ቱ አዳኝ ነበረ። ዛሬ በ6ቱ። «አንድ ሳምንት ስጠኝ» እለዋለሁ። አንድ ጊዜ አልሰማኝም። ለሌላ ተባይ ተብሎ የተረጨ መድኃኒት በአንድ ሌሊት ሁሉንም ጨረሰ። በማግስቱ ስገባ ቅጠል ገለበጥኩ፣ አንድም የሚሮጥ የለም። ቆመው የሚመጥጡት ብቻ ነበሩ። መደዳው መሐል ቆሜ አለቀስኩ።

ይሄ ሁሉ የአበባ እርሻ አቅም ነው። አጎቴ ጠርሙስ በአውሮፕላን አያስመጡም። ታዲያ ያኔ ማሳቸው ላይ ምን አደረግን? መጀመሪያ ያንን የነፍሳት መድኃኒት አቆምን። በመንገዱ ዳር ክፉኛ የተጠቁትን መደዳዎች ነቀልን። እየጎተትን አይደለም። እየጎተቱ ማለፍ ማይቱን መዝራት ነው። እዚያው ጆንያ ውስጥ ከተን፣ አፉን አስረን፣ አውጥተን አቃጠልነው። ከዚያ ፓምፑን ይዘን ማለዳ ማለዳ ቅጠሉን ከሥር ወደ ላይ በውሃ መታነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን ውሃ ማይቱንም ድሩንም አቧራውንም ያወርዳል። የአጎቴ ልጆች የማሳውን ጠርዝ ይዞ የሚሄደውን መንገድ ማታ ማታ ውሃ ያርከፈክፉበት ነበር። ጎረቤት «ለመንገድ ውሃ?» እያለ ተገረመ። አቧራ አዳኞችን ያውካል፣ ማይቱን ያመቻል።

በውሃ የሚበጠበጥ ድኝም ተጠቀምን። ድኝ ርካሽ ነው፣ ማይቱም በቀላሉ አይለምደውም። ግን በጠራራ ፀሐይ ከተረጨ ቅጠል ያቃጥላል፤ ከዘይት ነክ መድኃኒት ጋርም አይስማማም። ጠዋት በማለዳ፣ መጀመሪያ ጥቂት ተክል ላይ ሞክሮ። በመጨረሻ ለቀረው ጥግ ብቻ አንድ ትክክለኛ የማይት መድኃኒት ገዛን። የመርጫውን አፍ ወደ ላይ አዙረን ከቅጠሉ ሥር ረጨን። አጎቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ከላይ ወደ ታች ነበር የሚረጩት። ማይቱ እኮ ጣራው ሥር ነው ያለው።

ከፎሶሊያው ግማሹ ጠፋ። ይህን አልደብቅም። ቲማቲሙ ተረፈ።

በዚያ መሐል የተጣላንበት አንድ ነገር አለ። በተረጨ በሁለተኛው ቀን ነጋዴ መጣ፣ አጎቴ ፎሶሊያውን ሊለቅሙለት ፈለጉ። መለያው ላይ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ተጽፏል። አነበብኩላቸው። «ልጄ፣ ነጋዴ ቀን አይቆጥርም» አሉ። «ጋሼ፣ የሚበላው ሕፃን ይቆጥራል?» አልኳቸው። ደፈርኳቸው፤ አውቃለሁ። ተቆጡ። ግን አልለቀሙም። ባዶውን የመድኃኒት ጀሪካን ለውሃ መቅጃ እንዳያደርጉት በእጄ በስቼ ቀበርኩት። በየመንደሩ ስንቱ ቤት በእንዲህ ያለ ጀሪካን ውሃ እንደሚቀዳ ሳስብ ሆዴ ይታወካል።

ጓሮ ወይም በረንዳ ላይ አትክልት የምታሳድጉ እየጻፋችሁ ትጠይቁኛላችሁ። አሥር ተክል ላለው ሰው መድኃኒት አያስፈልገውም። በሳምንት ሁለት ጊዜ ቅጠል ገልብጡ። ነጭ ነጥብ ካያችሁ በውሃ ግፊት ከሥር እጠቡት፤ ከሦስት ቀን በኋላ ድገሙት፣ ከዚያም ድገሙት። መደጋገሙ የግድ ነው፤ ዛሬ ያመለጠ እንቁላል በቀናት ውስጥ ይፈለፈላል። ለስለስ ያለ ፈሳሽ ሳሙና በብዙ ውሃ አቅጥኖ መርጨትም ይሠራል፤ የኒም ዘይትም እንዲሁ። ሁለቱም የሚገድሉት የነኩትን ብቻ ነውና የቅጠሉን ጀርባ ካላረጠባችሁ ድካማችሁ ከንቱ ነው። ተክሉን ውሃ እንዲጠማው አታድርጉት። በአንድ ጊዜ ብዙ ማዳበሪያ አታብሉት።

አጎቴ አሁን የራሳቸው ሌንስ አላቸው። ከደመወዜ ገዝቼ ነው የሰጠኋቸው። በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ አስረዋታል፣ ከማተባቸው ጋር። መጀመሪያ የሚያዩት የመንገዱን ዳር ነው፤ ከዚያ በአጥሩ ሥር የበቀለውን ጉሎ፣ ማይቱ እዚያም ይከርማልና። ነጭ ወረቀት ከኪሳቸው አይጠፋም።

ባለፈው ማክሰኞ ሥራ ላይ ሳለሁ ደወሉ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፣ የሚያባርሩት ነገር እንዳይሰማቸው የፈሩ ይመስላል።

«ልጄ፣ ፎሶሊያው ላይ ማይት አለ። ብዙ አይደለም። ግን ከነሱ ጋር ሌላ አለ። ጥቁር ነው፣ የሰናፍጭ ፍሬ ታክላለች። ትበላቸዋለች መሰለኝ።»

«ስንት ናቸው፣ ጋሼ?»

«ቆይ» አሉ። ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። «ሦስት... አራት። አራት ናቸው። አልረጭም አይደል?»